«የአውሮፓ» የምትል ቃል፤ የገጠር ግቢዎችና የስትሬዛ ጉባኤ

በሰሜን ኢጣሊያ፣ ማጆሬ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ፣ ኢዞላ ቤላ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የስሟ ትርጉም «ውቢቱ ደሴት» ማለት ነው። ቀድሞ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት የድንጋይ ጉብታ ነበረች። በ1632 ቦሮሜዎ ከሚባለው የሚላኖ መኳንንት ቤተሰብ የሆነ ካርሎ ሦስተኛ በሚስቱ በኢዛቤላ ስም የሚጠራ ግቢ ሊሠራባት ጀመረ። ተወላጆቹም ሥራውን ቀጠሉበት። አፈር በጀልባ እየተጫነ መጥቶ እንደ ደረጃ በተነባበረ እርከን ላይ የአትክልት ቦታ ተተከለ፤ ሐውልቶች ቆሙ፤ ነጫጭ ጣዎሶች ተለቀቁበት። ናፖሊዮን በ1797 ከሚስቱ ጋር መጥቶ አድሮበታል። በዚህ ግቢ የሙዚቃ አዳራሽ በሚባለው ክፍል ውስጥ ከሚያዝያ 3 እስከ 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 11 እስከ 14 ቀን 1935፣ የኢጣሊያ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መሪዎች ተሰብስበው ስለ አውሮፓ ሰላም ተነጋገሩ። ጉባኤው ስሙን ያገኘው በሐይቁ ዳር ካለችው ከስትሬዛ ከተማ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ጉባኤ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር ደግሞ የሚመለከተው ጉባኤው ባወጣው መግለጫ ውስጥ የገባችውን አንዲት ቃልና ቃሏ የገባችበትን ቤት ነው። የዲፕሎማሲ ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ስለ አንድ ጽሑፍ አነባበብ፣ ስለ ተጻፈበት ሁኔታና ሳይጻፍ ስለ ቀረው ነገር መጠየቅ የእኛው ሥራ ነው ከማለት የተሻለ መልስ የለኝም። ዘመኖቹ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ። የአውሮፓ መኳንንት በርስታቸው ላይ የሚያሠሩትን፣ ከከተማ የራቀ፣ በአትክልትና በደን የተከበበ ሰፊ ቤት የሚጠራ አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጌ ነበር። «የገጠር ቤት» ቢባል አንባቢው የሣር ክዳን ጎጆ ይታየዋል፤ «ቤተ መንግሥት» ቢባል የንጉሥ መኖሪያ ይመስላል። የቀረበኝ «ግቢ» የሚለው ነው። የእኛም መኳንንት በየሹመት አገራቸው ግቢ ነበራቸው፤ እንግዳ የሚቀበሉት፣ ግብር የሚያበሉት፣ ሙግት የሚሰሙት እዚያው ነበር። ከዚህም ሌላ ቃሉ «ገባ» ከሚለው ግሥ ጋር ያለው ዝምድና ለጆሮ ግልጽ ስለ ሆነ፣ ግቢ ሲባል የገባና ያልገባ መኖሩ አብሮ ይሰማል። ከዚህ በታች ለተነሣው ጉዳይ ይህ ትርጉም ይጠቅመናል።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መንግሥታት እነዚህን ግቢዎች ለዲፕሎማሲ የተጠቀሙባቸው ባለቤቶቹ መኳንንት እየደከሙ በሄዱበት ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የእንግሊዙ ቼከርስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ በቡኪንግሃምሺር የሚገኘው ይህ የ16ኛው ምዕተ ዓመት ቤት የአርተር ሊ ንብረት ነበር። ሊ ቤቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሮች የዕረፍት ቦታ እንዲሆን ለመንግሥት ሲሰጥ በ1917 ሕግ ወጣለት፤ በ1921 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ተረከበው። የሰጪው ሐሳብ የሚገርም ነው። ከእንግዲህ ወዲያ አገሪቱን የሚመሩ ሰዎች ሁሉ ርስት ካለው ወገን ላይመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ርስት የሌለው መሪ የባለርስትን አየር እንዲተነፍስ፣ የገጠሩም ጸጥታ አእምሮውን እንዲያረጋለት ቤት ይኑረው የሚል ነው። እንዳሰበውም ሆነ። በ1924 የሠራተኛው ፓርቲ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውና በድህነት ያደገው ስኮትላንዳዊ ራምሴ ማክዶናልድ የፈረንሳዩን ኤዱዋር ኤሪዮን የጋበዘው በዚሁ ቤት ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ኢዞላ ቤላ ላይ የእንግሊዝ መልእክተኞች መሪ ሆኖ የተቀመጠውም ይኸው ማክዶናልድ ነው።

ለድርድር የገጠር ግቢ ለምን ተመረጠ? ከጋዜጠኛ መሸሽ አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ብቸኛው አይደለም። በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ሰውየው የአገሩ መልእክተኛ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። በግቢ ውስጥ ግን እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ሥርዓት አለበት። አስተናጋጁን በማዕዱ ላይ አይሞግትም፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አያነሣም፤ ደስ የማይል ነገር ካለም ለብቻ ያቆየዋል። ይህን የእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ባለጋራዎች ገበታው እስኪነሣ ድረስ እንዴት እንደሚተያዩ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ በግቢ ዲፕሎማሲ ገበታው ተነሥቶ ሙግቱ የሚጀመርበት ጊዜ አለመኖሩ ነው፤ ከምሳ በኋላ የአትክልት ቦታ ጉብኝት፣ ከጉብኝቱ በኋላ እራት ይከተላል።

ለነገሩ ማጆሬ ሐይቅ ለዚህ ዓይነት ድርድር እንግዳ አልነበረም። በሰሜኑ ጫፍ፣ በስዊስ ድንበር ውስጥ፣ ሎካርኖ አለች። በጥቅምት 1925 የአውሮፓ መንግሥታት የጀርመንንና የፈረንሳይን ድንበር የሚያጸና ውል የተስማሙት እዚያ ነው። በዚያም ጉባኤ ከባዱ አንቀጽ የተፈታው በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን፣ መልእክተኞቹ ለሽርሽር ብለው በተሳፈሩባት በአንዲት የሐይቅ ጀልባ ላይ እንደ ነበር ይነገራል። በተከታዩ ዓመት፣ በሴፕቴምበር 17 ቀን 1926፣ የፈረንሳዩ ብሪያንና የጀርመኑ ሽትሬዘማን ከዤኔቭ ጋዜጠኞች ተደብቀው ቷሪ በምትባል መንደር በአንድ የገጠር ምግብ ቤት ረጅም ምሳ ሲበሉ ዋሉ። የተጠራው አስተርጓሚ ኦስዋልድ ኤናር ብቻ ነበር። በኋላ ግን የፈረንሳይ በኩል ማስታወሻና ሽትሬዘማን የጻፈው ማስታወሻ አልገጠመም፤ ማን ምን እንዳቀረበ፣ ማን ምን እንደተቀበለ ሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ። ጣዕሙ የማይረሳ ምሳ ነበር ይባላል፤ ከምሳው የተረፈ ስምምነት ግን አልተገኘም።

ወደ ስትሬዛ እንመለስ። ጉባኤውን የጠራው ድንጋጤ ነበር። በማርች 16 ቀን 1935 ሂትለር የቬርሳይን ውል ጥሶ ጀርመን የግዴታ ውትድርና እንደምትጀምር አወጀ። ሦስቱ መንግሥታት የጋራ መልስ ለመስጠት ሲሰበሰቡ ኢጣሊያን ሙሶሊኒ ራሱ፣ ፈረንሳይን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍላንዴንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላቫል፣ እንግሊዝን ማክዶናልድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ጆን ሳይመን ወከሏቸው። አስተናጋጁ ሙሶሊኒ ነበር። ቦታውን የመረጠው፣ ማዕዱን የዘረጋው እሱ ሲሆን፣ ደሴት ስለ ሆነ ደግሞ በጀልባ ካልሆነ ማንም አይገባም፤ አይወጣምም።

ልክ በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ዤኔቭ ላይ በር ይጠብቅ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተዋጉ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 25 ቀን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በቃል ኪዳኑ 11ኛ አንቀጽ መሠረት አቤት አለች። መጋቢት 8 ቀን፣ ማለትም ከሂትለር አዋጅ ማግስት፣ 15ኛውን አንቀጽ ጠቅሳ ጉዳዩ በምክር ቤቱ እንዲታይላት ጠየቀች። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የጋዜጦቹን የፊት ገጽ ታገኝ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አውሮፓ የሚያነበው ስለ ጀርመን ብቻ ነበር። በዤኔቭ የኢትዮጵያ ጉዳይ ተከራካሪ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ውስጥ እኒህን ሰው ማስተዋወቅ አያሻም፤ «ፋቡላ»ን በመጻፍ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ያስገኙልን እሳቸው ናቸው። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። በፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛው ባለሥልጣን ደግሞ በብዕር ስሙ ሴን ጆን ፔርስ እየተባለ ግጥም የሚጽፈውና በ1960 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው አሌክሲ ሌዤ ነበር። የነገሩ ግራና ቀኝ በጸሐፊዎች የተያዘ ነበር ማለት ይቻላል። የወሳኙን ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ያገባው ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ምንም ሳያስቡ ወደ ስትሬዛ ሄዱ ቢባል ስሕተት ይሆናል። ከሚኒስትሮቹ ጋር የአፍሪካን ጉዳይ የሚያውቅ ጄፍሪ ቶምሰን የተባለ ባለሙያ ይዘው ሄደዋል። ኢጣሊያኖችም ጓርናስኬሊና ቪቴቲ የሚባሉ ባለሙያዎች አምጥተው ነበር። ሦስቱ ባለሙያዎች ከመሪዎቹ ገበታ ውጭ ለብቻቸው ተነጋገሩ። ኢጣሊያኖቹ ኃይልን መጠቀም ከሐሳብ ውጭ እንዳልሆነ በዘወርዋራ ሲያመለክቱ፣ ቶምሰን ለእንዲህ ያለው ነገር ከእንግሊዝ ድጋፍ እንዳይጠብቁ ነገራቸው። ውይይቱ ለሳይመን ደረሰው። ሳይመንም ሆነ ማክዶናልድ ግን ጉዳዩን በሙዚቃው አዳራሽ ውስጥ በሙሶሊኒ ፊት አላነሡትም። በጀርመን ላይ አጋር ሊያደርጉት የፈለጉትን ሰው በቤቱ ውስጥ ማስቀየም አልፈለጉም። ስለዚህ ኢትዮጵያ በስትሬዛ ተነሥታለች፤ የተነሣችው ግን በጓዳ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ስሟ አልተጠራም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ደረስን። የመጨረሻው መግለጫ መደምደሚያ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሦስቱ መንግሥታት የፖሊሲያቸው ዓላማ በመንግሥታት ማኅበር ማዕቀፍ ውስጥ ሰላምን በጋራ መጠበቅ እንደ ሆነ ገልጸው፣ የአውሮፓን ሰላም አደጋ ላይ ሊጥል የሚችል ማናቸውንም በአንድ ወገን ብቻ የሚደረግ የውል ማፍረስ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ለመቃወም ሙሉ በሙሉ መስማማታቸውን፣ ለዚህም ተቀራርበው እንደሚሠሩ አስታወቁ። በረቂቁ ላይ የነበረው «ሰላም» ብቻ እንደ ነበርና «የአውሮፓ» የሚለው በሙሶሊኒ ጠያቂነት እንደ ተጨመረ ይተረካል። በትረካው መሠረት ሙሶሊኒ ቃሉን ሲያቀርብ ቆም ብሎ እንግሊዞቹን ተመለከተ፤ እነሱም ዝም አሉ።

የእነዚያን ቋንቋዎች አገባብ ከእኛው ጋር ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በኢጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛም ሆነ በእንግሊዝኛ «ሰላም» የሚለው ስም ይቀድማል፤ «የአውሮፓ» የሚለው ዘርፍ ይከተላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ተነቦ «ሰላም» ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ሙሉ ነው። አድማጩ ተስማምቶ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዘርፉ እንደ ትርፍ ነገር፣ እንደ ትሕትና ጌጥ ከጅራቱ ይቀጠላል። በአማርኛ ይህ አይቻልም። ዘርፍ ከባለቤቱ ስለሚቀድም፣ ተናጋሪው «ሰላም» ከማለቱ በፊት የማን ሰላም እንደ ሆነ መናገር አለበት፤ ረስቶ ቢያልፈው ተመልሶ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሶ መሥራት ይኖርበታል። «የአውሮፓን ሰላም» ሲባል የሌላው ሰላም መቅረቱ በመጀመሪያው ቃል ይሰማል። የስትሬዛ መግለጫ በአማርኛ ሲተረጎም ከመነሻው ይልቅ የሚያፍረው ለዚህ ይመስለኛል። ከቋንቋ አገባብ ተነሥቶ የመሪዎችን ጠባይ መፍረድ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ እዚህ የምለው ግን ስለ ጆሮ ብቻ ነው። ያቺ ቃል ሳትከብድ ልትገባ የቻለችው የምትገባበት ቦታ ከመጨረሻ ላይ ስለ ነበረ ነው።

ስለ ምንጩ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ሙሶሊኒ ቆም ማለቱን፣ እንግሊዞቹን ማየቱን፣ እነሱም ዝም ማለታቸውን የምናውቀው በተለይ ከዓመታት በኋላ ከተጻፉ የፈረንሳዮቹ የፍላንዴንና የባልደረቦቹ ትዝታዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ትዝታቸውን በሚጽፉበት ጊዜ ሁሉም ራሱን ከጥፋት ለማንጻት ይሞክር ነበር። ለምሳሌ ላቫል በጃንዋሪ 1935 ሮም ላይ ለሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ምን ያህል ነፃ እጅ እንደ ሰጠው እስከ ሞቱ ሲከራከርበት የኖረ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ እንግሊዞችም በስትሬዛ ዝም ብለዋል የሚለው ታሪክ ለፈረንሳይ ወገን የሚያመች ነው። ትዕይንቱ በጣም ተውኔታዊ መሆኑም ያጠራጥራል። ቢሆንም ስለ ቃሉ ጥርጥር የለም፤ መግለጫው ታትሟል፤ ቃሉ አለበት። የእንግሊዝ መሪዎች በዚያ ገበታ ላይ ስለ ኢትዮጵያ አለመናገራቸውም ከራሳቸው ሰነዶች የሚታወቅ ነው። የምንጠራጠረው እይታውን እንጂ ዝምታውን አይደለም።

ታሪክ ጸሐፊዎች የሚከራከሩት ዝምታው ምን ማለት ነበር በሚለው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ዝምታው ፈቃድ ነበር ይላሉ፤ ሙሶሊኒም በኋላ እንደዚያ አድርጎ ተከራክሮበታል። ሌሎቹ ደግሞ በባለሙያዎች ደረጃ ማስጠንቀቂያ መሰጠቱን፣ ሙሶሊኒም ከስትሬዛ በፊት የቆረጠ መሆኑን ያስታውሳሉ። በእርግጥም በዲሴምበር 30 ቀን 1934 ለሹማምንቱ በላከው የምስጢር መመሪያ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር ደምስሶ አገሪቱን ጨርሶ መያዝ እንደ ሆነ ጽፏል። ስለዚህ ጦርነቱ የተወለደው በኢዞላ ቤላ አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው ወገን አንድ ነገር የዘነጋ ይመስለኛል። ለባለሙያ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ለአስተናጋጅ እንደተነገረ አይቆጠርም። የቶምሰን ቃል በሰነድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ የአዳራሹ ዝምታ ግን በመግለጫው ውስጥ ታተመ። ስለ ሰላም የተናገረ መንግሥት የየትኛውን ሰላም እንደ ተወ በራሱ ፊርማ አጸና። ዤኔቭ ቢሆን ኖሮ አንድ የሦስተኛ አገር መልእክተኛ እጁን አንሥቶ «የሌላውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። በግቢ ውስጥ ግን ሦስተኛ አገር የለም፤ የተጋበዘና ያልተጋበዘ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ከስትሬዛ ማግስት የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ዤኔቭ ላይ ተሰብስቦ የጀርመንን ድርጊት አወገዘ። የኢትዮጵያ ጉዳይ ግን አስታራቂዎች ይመረጣሉ በሚል ወደ ሜይ ተላለፈ። ማኅበሩ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሳምንት አግኝቶ አንዱን የአውሮፓ ሰላም፣ ሌላውን የሁለት ወገኖች ጠብ አደረጋቸው። የኢዞላ ቤላዋ ዘርፍ ዤኔቭ ድረስ ተከትላቸው ገባች።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲሰማ ውጫሌን ማሰቡ አይቀርም፤ እኔም አስቤአለሁ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በወሎ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው የምኒልክ ሰፈር ነው። እዚያም ጉባኤ አዳራሽ አልነበረም። ንጉሡ በሰፈራቸው አስተናጋጅ፣ አንቶኔሊ ደግሞ የቆየና የታመነ እንግዳ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ለዚያ እንደ ተስማሙ አድርጎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሮም ኢትዮጵያ ጥገኛዋ እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ናቸው ማለት ግን አይገባም፤ ልዩነታቸው ከተመሳሳይነታቸው ይበልጥ ያስተምራል። በውጫሌ ሁለት ቋንቋዎች ስለ ነበሩ ማታለሉ በትርጉም መካከል ተደበቀ። ስለዚህም ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጋለጥ ተቻለ፤ ምኒልክም አጋለጡት፤ በ1893 ውሉን ማፍረሳቸውን አሳወቁ። በስትሬዛ ግን ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሦስቱም ቅጂዎች ይስማማሉ። የተበደለው ወገን የሚያነጻጽረው ሌላ ቅጂ የለውም፤ በጽሑፉ ላይ ስሙ እንኳ ስለሌለ ስለ እኔ ነው የሚናገረው ብሎ ለመክሰስ መነሻ አያገኝም። የውጫሌን አንቀጽ ለማንበብ ጥሩ ተርጓሚ ይበቃል። የስትሬዛን መግለጫ ለማንበብ ግን በወቅቱ ከቤቱ ውጭ ማን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የገጠር ግቢ ልማድ አልቀረም። በ1945 በየካቲት ወር የሩሲያ ነገሥታት የበጋ ቤት በነበረው በሊቫዲያ፣ በሐምሌ ደግሞ ለጀርመኑ አልጋ ወራሽ በእንግሊዝ ስልት በተሠራው በፖትስዳሙ ሴሲሊየንሆፍ የጦሩ አሸናፊዎች ተሰብስበዋል። በ1975 ራምቡዬ በተባለው የፈረንሳይ ግቢ የስድስት ባለኢንዱስትሪ አገሮች መሪዎች ተገናኝተዋል። እነዚህን ማለፍ እችላለሁ፤ ስለ እያንዳንዳቸው በቂ ተጽፏል። ካምፕ ዴቪድን ግን እንዲሁ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም የቃል ነገር እዚያም ተነሥቶ ነበርና።

በሴፕቴምበር 1978 ካርተር የግብፁን ሳዳትና የእስራኤሉን ቤጊን በሜሪላንድ ተራሮች ውስጥ ባለው የፕሬዚዳንቶች የዕረፍት ሰፈር 13 ቀን አስቀመጣቸው። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ጠብ ስለ ሆነ ካርተር ለያይቶ፣ ራሱ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ረቂቅ ይዞ ይመላለስ ጀመር። የእንግድነት ሥርዓት እዚህ ላይ ተገልብጦ አስተናጋጁ ተላላኪ ሆነ። በስትሬዛ እንግዶቹ አስተናጋጁን ላለማስቀየም ዝም እንዳሉ ስናስብ፣ በካምፕ ዴቪድ አስተናጋጁ ከሁለቱም ጋር ለመጣላት መድፈሩ ውጤቱን ለወጠው ማለት የሚቻል ይመስለኛል። እዚያም ቢሆን በአንዳንድ ቃላት መስማማት ስላልተቻለ ካርተር ከውሉ ጋር በሚያያዝ ደብዳቤ፣ በጽሑፉ «ፍልስጥኤማውያን» የሚለውን ቤጊን «የፍልስጥኤም ዐረቦች» ብሎ፣ «ዌስት ባንክ» የሚለውንም «ይሁዳና ሰማርያ» ብሎ እንደሚረዳው መዘገበለት። የአነባበብ ልዩነት እንዲህ በፊርማ ሲጸድቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ ሰፈር ውስጥ ስለ ፍልስጥኤማውያን ሲነገር ከፍልስጥኤማውያን ወገን የገባ ሰው አልነበረም።

የስትሬዛ ግንባር የተባለው ትብብር ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። በጁን 18 ቀን 1935 እንግሊዝ አጋሮቿን ሳታማክር ከጀርመን ጋር ስለ ባሕር ኃይል መጠን ውል ፈረመች፤ በስትሬዛ የተወገዘውን ዓይነት ውል ማፍረስ ራሷ አጸደቀች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ያቺ ዘርፍ የተጨመረችለት ሰላም አውሮፓንም አልጠቀመም፤ የኢጣሊያና የጀርመን ወዳጅነት የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ቤት ለዲፕሎማሲ የተሠራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዳርቻ፣ ፌርፊልድ የሚባል የ19ኛው ምዕተ ዓመት ቤት አለ። አሠራሩ በኢጣሊያ ስልት መሆኑ ከነገሩ ጋር ሲታይ የሚያስገርም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ ሲሆን፣ ወደ ጋበዛቸው አገር ግቢዎች ግን ለድርድር የጠራቸው አልነበረም። በኤፕሪል 1938 እንግሊዝና ኢጣሊያ ሮም ላይ ተዋዋሉ፤ በኖቬምበር ውሉ ሲጸና እንግሊዝ የኢጣሊያን ግዛት በኢትዮጵያ ላይ አወቀች። በመካከሉ፣ በሜይ 12 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዤኔቭ ሄደው ለምክር ቤቱ አቤት ሲሉ ታመው ስለ ነበር ንግግሩን ሎሬንሶ ታእዛዝ አነበቡላቸው። በመስከረም 1931 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዚያው ፌርፊልድ ቤት አረፉ፤ አስከሬናቸው ከነፃነት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚያ ቤት ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ የጋራ መግለጫም አልወጣም። የተጻፈው መጽሐፍ ነው። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተሰኘው የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል የተዘጋጀው በ1929 ዓ.ም. በባዝ ነው። ከዤኔቭ ጋር የተደረጉት መጻጻፎች፣ የአቤቱታዎቹ ቃላትና ቀኖች በውስጡ ረዘም ብለው የገቡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሌሎች ግቢዎች ሳይመዘገብ የቀረውን በራስ ቋንቋ መመዝገብ ነበረበት። መጽሐፉ በአማርኛ ታትሞ የወጣው ግን በ1965 ዓ.ም. ነው፤ አንባቢው እጅ የገባው ሥርዓቱ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ቤቱን ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ሰጥተውታል።